ዳዊት ዕጣ ማውጫ አይደለም

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ለሰፈራችን እድር የመዋጮ መመዝገቢያ መተግበሪያ ልሠራ ቃል ገብቼ፣ ከስልክ መተግበሪያ መሥሪያዎቹ በፍሉተር ይሁን በሪአክት ኔቲቭ እያልሁ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አፈረስሁት። ጸልዬ ዳዊት ብገልጥ «እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ፥ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ» የሚል ወጣልኝ። ሥራዬን ጠልቶታል ብዬ ተውሁት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር እንቅልፍ የለኝም፤ ምግብ አልበላ አለኝ፤ ሰው ማየትም አስጠልቶኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ ልጄ። ጸሎቱንስ ይዘኸዋል፤ እኔን ያሳሰበኝ ዳዊት የገለጥህበት መንገድ ነው። በዚህ ስንቱ ሲሰናከል አይቻለሁ! አንዱ ሊያገባ ሲል፣ ሌላዋ ዐረብ አገር ልትሄድ ስትል ዓይናቸውን ጨፍነው ይገልጡና ጣታቸው ባረፈበት መስመር ኑሯቸውን ይወስናሉ። ዳዊት ይጸለይበታል እንጂ ዕጣ አይወጣበትም።

የወጣልህ በእኛ ዳዊት 126ኛው መዝሙር ነው። እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? ሠራተኞቹን «ሥራችሁን ተዉ» አላላቸውም፤ ያለ እርሱ እንዳይለፉ ነው የነገራቸው። ቀጥሎ ደግሞ በማለዳ እየገሰገሱ የመከራ እንጀራ ለሚበሉት ይናገርና፣ እግዚአብሔር ለወዳጆቹ እንቅልፍን እንደሚሰጥ ያነሣል። አየህ ልጄ፣ እንቅልፍ ያሳጣህ መዝሙር ስለ እንቅልፍ የሚናገር ነበር። ምነው አንድ መስመር ወረድ ብለህ ባነበብኸው!

«እግዚአብሔር ዝም አለኝ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ባስልኤልን አስብ። እግዚአብሔር በስሙ ጠርቶ የእግዚአብሔርን መንፈስ፣ ጥበብንና ማስተዋልን የሞላበት የእጅ ባለሙያ ነው (ዘጸ. 31)። ታቦቱ ከግራር እንጨት እንዲሠራ፣ ርዝመቱም 2 ክንድ ተኩል እንዲሆን በግልጽ ታዝዟል። መሮውን ከየት እንደሚያነሣ ግን አልተጻፈም። እግዚአብሔር የሚፈልገውን ሲፈልግ ይናገራል፤ የቀረውን በሰጠው ጥበብ እንዲሠራው ለባለሙያው ይተውለታል። ሐዋርያትም በይሁዳ ምትክ ማትያስ ሲመረጥ ዕጣ የጣሉት መመዘኛውን አስቀምጠው፣ ሁለት ሰው ለይተውና ጸልየው ነው። ማሰቡን ለዕጣው አልተዉለትም።

ስለዚህ አስብ። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ስትሠራ ከኖርህ ሪአክት ኔቲቭ በዚያው ይጻፋል፤ ፍሉተር ዳርት የሚባል ቋንቋ ተማር ይልሃል። የእድሩ ጸሐፊ የያዙት ስልክ ምን ዓይነት ነው? አንተ ብትታመም ሥራውን ማን ይረከባል? ባልደረቦችህን አማክር፣ አንዱን ያዝና ጀምር። ብትሳሳት ታስተካክለዋለህ፤ በዚህ የሚቆጣህ አምላክ የለም።

ከመተግበሪያው ይልቅ ግን አንተ ታሳስበኛለህ። ሁለት ወር እንቅልፍና ምግብ ያጣ ሰው ታሟል። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። ጠበሉን ተጠመቅ፤ ሐኪም ዘንድም ሂድ። መድኃኒት ካዘዘልህ «ጠበል ጀምሬያለሁ» ብለህ እንዳታቋርጥ፤ በዚህ አልታገሥህም። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሲራክ በምዕራፍ 38 ጽፎልናል።

ዛሬ ማታ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን አትክፈት። ጥቂት እህል ቅመስና ተኛ። ነገ ወደ ሐኪም ስትሄድ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይከተልህ፤ ለንስሐ አባትህም አሁን ደውልላቸው።