ስለ ማግኔት መጫወቻዎች ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አንድ መጫወቻ ነው። ጠርዛቸው ውስጥ ማግኔት ስላለባቸው፣ እየተያያዙ ቤትና ግንብ ስለሚሠራባቸው ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቁራጮች። አራቱን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ዓመቷን ደፍናለች። የሠራሁላትን ታፈርሳለች እንጂ እሷ ምንም አትሠራም። ምን እየተማረች ነው?

እህቴ፣ ማፍረሱም ትምህርት ነው። ስትገፋው ይወድቃል፣ ይንኳኳል፣ አንቺም እንደገና ትሠሪያለሽ። ይህን ደጋግማ እያረጋገጠች ነው። ብዙ ልጆች መጀመሪያ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ያነጥፉታል፤ ግድግዳ ማቆሙ ቆይቶ ይመጣል። ግን ያለቀለት ቤት አታቅርቢላት። አንድ ግድግዳ ጀምረሽ ተዪላት።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ያስተምራል ይላሉ። እውነት ነው ወይስ የሻጭ ወሬ?

ወንድሜ፣ እውነትነት አለው። አንድ ካሬ መሬት ላይ አስቀምጥ። በአራቱም ጎኑ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮችን አያይዝ። አሁን ኮከብ ይመስላል። ጫፎቹን ወደ ላይ ሰብስባቸው፤ ጣሪያ ሆነ! ጠፍጣፋ የነበረው ነገር ቅርጽ ሲያወጣ ልጁ በእጁ አየው። ስድስት ካሬ ደግሞ የተዘጋ ሣጥን ይሠራል። አምስት ከሆነ አንድ ጎኑ ክፍት ይቀራል፤ ይህን አንተ ሳትነግረው ይደርስበታል።

መጫወቻው ብቻውን ግን አስተማሪ አይሆንም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆችን ከ14 ወር እስከ 46 ወር ዕድሜያቸው ቤታቸው እየሄዱ ተከታትለው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ስለ ቅርጽ፣ ስለ መጠንና ስለ አቀማመጥ ብዙ የሚያወሩ ወላጆች ልጆች እነሱም ቃላቱን ይበልጥ ይጠቀማሉ። ቃላቱን አብዝተው የተጠቀሙት ልጆች ደግሞ በ54 ወራቸው በተሰጣቸው የቅርጽና የአቀማመጥ ፈተና የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ አብረህ ተቀመጥና አውራ። ከሥሩ፣ ጎኑ፣ ጠርዙ፣ ረጅሙ፣ ጠባቡ በል። ስልኩን እባክህ ራቅ አድርገው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። የልጅ ልጄ አማርኛ እየጠፋበት ነው። በዚህ ጨዋታ ላስተምረው እችላለሁ?

በደንብ ነዋ፣ እናቴ! «ተቀመጥና አማርኛ ተማር» ቢሉት ይሸሻል። «ሰማያዊውን ከሥር አድርገው» ቢሉት ግን አፉ ባይመልስ እንኳ እጁ ይመልሳል። ቃሉ ቆይቶ ይከተላል። በእንግሊዝኛ ቢመልስልዎ አይቆጡት፤ እርስዎ በአማርኛዎ ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ዋጋው አይቀመስም። ርካሹን ብገዛስ?

ባይገዛም ልጅሽ አይጎዳም። ጀርመናዊው አስተማሪ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 የመዋዕለ ሕፃናትን ሥራ ሲጀምር ለልጆች ካቀረባቸው መጫወቻዎች አንዱ ተራ የእንጨት ኪዩብ ነበር። አናጺ ቤት የሚጣል ቁርጥራጭ እንጨት በአሸዋ ወረቀት ታሽቶ፣ ባዶ ካርቶንም ተጨምሮበት ይበቃል።

ርካሹን ከገዛሽ ግን ጠርዙን በየጊዜው እያገላበጥሽ እዪ። የተሰነጠቀውን ወዲያው ጣይው፤ ውስጡ ያለው ማግኔት ትንሽ ነው፣ ይወጣል። ልጅ ሁለት ማግኔት ከዋጠ አንጀቱ ውስጥ ይሳሳባሉ። መሃላቸው የገባውን አንጀት ጨቁነው ሊበሱት ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ ተራ የሆድ ሕመም ወይም ትውከት ሊመስል ይችላል። ውጧል ብለሽ ከጠረጠርሽ ምልክት አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው፤ ማግኔት መሆኑንም ለሐኪሙ ንገሪ።