የጎርፍና የአፈር መሸርሸር ካርታ፦ ለጎንደርና ለአካባቢዋ ጠያቂዎች

ክረምቱ ሊገባ ነው። ጎርፍና የአፈር መሸርሸርን በኢንተርኔት ካርታ አስቀድሞ ስለማየት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከከተማም፣ ከደምቢያም፣ ከፎገራም ብዙ ጥያቄ መጣ። በሳተላይት ምስል ስሠራ ዓመታት አልፈውኛል። የአባቴ ማሳ ቆላ ድባ አጠገብ ስለሆነ ጉዳዩ የቤቴም ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። አሜሪካኖች ማዕበል የባሕር ዳርቻቸውን የት የት እንደሚሸረሽር የሚያሳይ ካርታ አላቸው። ለጣና ልጠቀምበት?

አይሆንም እህቴ፤ አሠራሩን ማወቅ ግን ይጠቅምሻል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ካርታ ሁለት ነገር ያወዳድራል። ዳርቻው ላይ ያለው የአሸዋ ክምር ምን ያህል ከፍ ይላል? አውሎ ነፋሱ የሚገፋው ውሃና ማዕበሉ ተደምረው እስከ የት ይደርሳሉ? ከዚያ ማዕበሉ የክምሩን እግር የመምታቱን፣ አናቱን የማለፉን፣ ጭራሽ የማስጠሙን ዕድል በመቶኛ ያስቀምጣል።

ጣና የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ የለበትም። ውሃው የሚመጣውና የሚሸሸው በክረምቱ ዝናብ ነው፤ ከ1988 ወዲህ ደግሞ ዓባይ መውጫው ላይ በተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብም ነው። በደምቢያና በፎገራ በኩል ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ከፍ ሲል ባሕር ሸሹ እርሻ ውስጥ (ሐይቁ ሲሸሽ የሚታረሰው መሬት ውስጥ) ርቆ ይገባል። ለዚህ የሚሆንሽ ግሎባል ሰርፌስ ዋተር ኤክስፕሎረር የሚባለው የኢንተርኔት ካርታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ ውሃ እንደነበረበት ያሳያል። ሰማያዊው ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ነው። ወደ ሮዝ ያደላው አልፎ አልፎ የሚተኛበት ነው፤ እሱን በደንብ እዪው።

ጥያቄ፦ ከፎገራ ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሳተላይቱን ምስል ስከፍት ደመና ብቻ ነው የማየው።

ሴንቲኔል 1 የሚባለውን ሳተላይት ምረጥ። ራዳር ነው፤ ደመናም ጨለማም አያግደውም። የተኛ ውሃ ጨረሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ግን ጥቁር ሁሉ ውሃ አይደለም። አዘዞ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ አስፋልትም ጥቁር መስመር ነው። የሩዝ ማሳ ላይ ሆን ተብሎ የተያዘ ውሃም ጎርፍ ይመስላል። ደንገል ወይም እምቦጭ የሸፈነው ውሃ ደግሞ ይደበቃል። ስለዚህ የግንቦቱን ምስል ከነሐሴው ጋር አስተያይ። በ1998 ክረምት ፎገራና ደምቢያ ሲጥለቀለቁ ይህ ሳተላይት አልነበረም፤ የወጣው በ2006 ነው።

ጥያቄ፦ አንገረብ ወንዝ አጠገብ 200 ካሬ ቦታ አለኝ። ካርታው ስጋት የለበትም ይላል። ቤት ልሥራ?

ጋሼ፣ እሱን ብቻ አምነው መሠረት አያስቆፍሩ። በነፃ የምናገኛቸው አብዛኞቹ የከፍታ ካርታዎች አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት፤ 900 ካሬ ማለት ነው። የእርስዎ ግቢ፣ የጎረቤትዎና ወንዙ ራሱ በአንድ ቁጥር ተጠቃለዋል። «የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚለውም አያዘናጋዎት። በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ ሲሰላ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። ወርደው የወንዙን ዳር ቁጥቋጦ ይመልከቱ። ጭራሮና ፌስታል የተንጠለጠለበት ከፍታ ውሃው የደረሰበት ነው። የሰፈሩን አሮጊቶችም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በስልክ ይሠራል? ይከፈልበታል?

ይሠራል፣ ነፃ ነው። ዳታ ግን ይበላል፤ ዋይፋይ ካገኛችሁ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቀሃ ሲሞላ አስቀድሞ የሚነግረን አለ?

ጉግል ፍለድ ሀብ እስከ 7 ቀን ቀድሞ ይተነብያል፤ የሚበጀው ግን ለትልልቅ ወንዞች ነው። ቀሃን የመሰለ ወንዝ ተራራው ላይ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። ላይኛው ሰፈር ያለ ሰው ስልክ ይደውልላችሁ።

ጥያቄ፦ ደምቢያ ነው ያለነው። ቦረቦሩ ማሳችንን እየበላው ነው፤ የመሸርሸር ካርታው ላይ ግን መሬታችን አረንጓዴ ነው፤ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ይላል።

የአባቴም ማሳ አረንጓዴ ነው። ቦረቦሩ ግን በጤፉ መሐል ገብቷል። እነዚህ ካርታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩበት ስሌት ዝናብን፣ የአፈር ዓይነትን፣ ተዳፋትን፣ ሽፋንንና የእርሻ አያያዝን ያባዛል። ሃንስ ሁርኒ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ አስተካክለውታል። ግን የሚቆጥረው ከላይ ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ነው፤ ቦረቦርን አይቆጥርም። መሬታችሁ ሜዳ ስለሆነ ስሌቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል። ዋልካ አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል። በክረምት ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ይቦረቡረዋል፤ ከዚያ ይናዳል።

በጉግል ኧርዝ የድሮ ምስሎችን እየከፈታችሁ የቦረቦሩ ራስ ስንት ሜትር እንደመጣ ለኩ። ግንቦት ላይ ከቦረቦሩ ራስ 10 ሜትር ወደ ላይ ችካል ትከሉ፤ መስከረም ላይ በሜትር መልሳችሁ ለኩና ቁጥሩን ይዛችሁ ግብርና ባለሙያ ጋ ሂዱ።