ጥርሱ ወጣ፣ ሕመሙ ግን ባሰ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። ማክሰኞ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተነቀለ። ሁለት ቀን ደህና ነበርኩ። ዓርብ ሌሊት ግን እስከ ጆሮዬ እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ነሳኝ፤ አፌም ይሸታል። ጎረቤቴ አረቄ ተጉመጥመጪበት ብላኝ ሞከርኩ፤ ትንሽ ያደነዝዝና መልሶ ይብሳል። ጥርሱ ከወጣ ምኑ ነው የሚያመኝ? አሞክሳሲሊን ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አረቄውን ያቁሙ። ጎጃም ተወልዶ ለጥርሱ አረቄ ያልታዘዘለት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የዳጉሳ አረቄ ደግሞ እሳት ነው። ያን እሳት ቁስል ላይ ነው ያፈሰሱት።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላና ደሙ እዚያው ይረጋል። ያ ጠቆር ያለ የረጋ ደም ሲያዩት ያስጠላል እንጂ የቁስሉ ፋሻ እሱ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አጥንትና ነርቭ ሸፍኖ ይይዛል። ጊዜው ሳይደርስ ከወለቀ ወይም ከሟሟ አጥንቱ ራቁቱን ይቀርና ምራቁም፣ ምግቡም፣ አየሩም ይነካዋል። የጥርስ ሐኪሞች ድራይ ሶኬት የሚሉት ይህንን ነው። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ይሸታል። የእርስዎ ታሪክ ቁርጥ እሱን ይመስላል። ሲጋራ፣ በኃይል መጉመጥመጥ፣ በስትሮ መጠጣት፣ አንዳንዴም የእርግዝና መከላከያ ክኒን ያባብሱታል።

በስልክዎ መብራት መስታወት ፊት ይዩት። ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ነጣ ያለ አጥንት ከታየ ነገሩ ይኸው ነው። ለስላሳ ቢጫማ ሽፋን ካዩ ግን ያ እየዳነ ያለ ቁስል ነው፤ መግል መስሎዎት በስንጥር እንዳይፍቁት!

አሞክሳሲሊኑን ይተዉት፤ የተጋለጠ አጥንት በክኒን አይሸፈንም። ወደነቀለልዎ ባለሙያ ይመለሱ። ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ያለው ፋሻ ያደርግበታል። ሽታው ሻይ ውስጥ የሚጨምሩትን ቅርንፉድ ያስታውስዎታል፣ ከዚያው የሚወጣ ነገር ስላለበት። ብዙ ሰው በዚያው ቀን እፎይ ይላል። ግን ቤት ውስጥ ቅርንፉድ ወቅጠው እንዳይጠቀጥቁበት።

እስከዚያው ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ 500 ሚሊግራሙን 2 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፉ። ጉበትዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ። አይቡፕሮፌን ለዚህ ሕመም ጎበዝ ነው፣ ሆኖም ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካለብዎ ወይም እርጉዝ ከሆኑ አይንኩት። ጾም ላይ ከሆኑም በባዶ ሆድ አይዋጡት።

ምግቡ ለብ ያለ አጥሚት፣ በርበሬ ያልበዛበት የሽሮ ፍትፍት፣ በሌላኛው ጎን። ቆሎ ለጊዜው ይቅርብዎ። ከምግብ በኋላ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ፤ አፍዎ ውስጥ ይያዙት፣ ጭንቅላትዎን ወዲያና ወዲህ ዘንበል ያድርጉና ዝም ብለው ያፍስሱት እንጂ እንትፍ አይበሉ። ድዱ በሁለት ሦስት ሳምንት ይገጥማል፤ አጥንቱ ወራት ይፈልጋል።

እብጠቱ ወደ አገጭዎ ሥር ወይም ወደ አንገትዎ ከወረደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍዎ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተዎ ግን ነገ እሄዳለሁ አይበሉ። ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልገው ሆስፒታል ይሂዱ።