«ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳ»፦ የሳምንቱ ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች የሆድ ጉዳይ ናቸው። ጠያቂዎቹ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ወይም የሚያስታምሙ ናቸው።

ለበዓል ክትፎ ለብለብ ብትሆን ምን አለበት?

ሲዲፎርህ (የሰውነትህን የመከላከል አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር) ዝቅ ካለ ይቅርብህ። በደንብ የበሰለውን ብላ።

የምጠጣው ውሃ ላይ ውሃ አጋር (የክሎሪን ማከሚያ) እጨምራለሁ፤ አይበቃም?

ብዙ ጀርም ይገድላል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተውሳክ ግን ክሎሪን አይበግረውም። አፍልተሽ ጠጪ። አዲስ አበባ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቂው።

ወንድሜን ምን ልስጠው?

ይሄ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳኝ። ወንድሟን ተቅማጥ ከያዘው 5 ሳምንት ሆነው። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ሁለቴ ፋርማሲ ሄዶ የአሜባ መድኃኒት ሰጡት። ሰገራው ታይቶ «ምንም የለም» ተባለ። «ሆዴን የሚበጠብጠው ይሄ ኪኒን ነው» ብሎ ፀረ ኤችአይቪውን ካቆመም ሰነባብቷል።

እህቴ፣ ከቤት የምትሰጪው ኦአርኤስ ነው፤ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ በጥብጪለት። ሌላው የሐኪም ሥራ ነው፣ እባካችሁ ዛሬ ነገ አትበሉ። «ምንም የለም» በሚለው ውጤት አትዘናጊ። ተራው የሰገራ ምርመራ ክሪፕቶስፖሪዲየምንና አይሶስፖራ የሚባለውን ሌላ ተውሳክ ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል፤ እነሱን ለማየት የተለየ ማቅለሚያ ያስፈልጋል። «ይሄ ምርመራ ይታዘዝልን፣ ሲዲፎሩም ይለካ» በሉ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። አይሶስፖራ ከሆነ በኮትሪሞክሳዞል ይታከማል። ክሪፕቶ ከሆነ ግን ዋናው መድኃኒት የራሱ አቅም መመለስ ነው፣ አቅሙን የሚመልስለት ደግሞ ያው ያቆመው ኪኒን ነው! ኪኒኑ አንዳንዱን ሰው ሆዱን ያስቸግረዋል፣ አልክድም፤ ያኔ ለሐኪሙ ይነገራል እንጂ ዝም ብሎ አይቆምም። አሁንም በራሱ እንዳይጀምር። ክትትል የሚያደርግበት ክሊኒክ ሳንባ ነቀርሳና ሌላም ካለ አይቶ ያስጀምረዋል። ደም ካየ፣ ካተኮሰው፣ የጠጣው ካልረጋለት ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ስላቆመም አትቆጪው። አብረሽው ሂጂ።

ስውጥ ያመኛል፣ ምላሴም ነጭ ለብሷል። ማርና ነጭ ሽንኩርት ልሞክር?

አይ፣ ሐኪም ጋ ሂድ። ፈንገሱ ወደ ጉሮሮህ ወርዶ ይሆናል። ያ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፍሉኮናዞል ለ14 እስከ 21 ቀን ይታዘዛል፤ ሻል አለኝ ብለህ መሃል ላይ እንዳታቋርጠው።

የጨጓራ ማስታገሻ ከዶሉቴግራቪር (ከፀረ ኤችአይቪው ኪኒን) ጋር ይወሰዳል?

የሚታኘከውን ወይም ሽሮፑን ከሆነ አንድ ላይ አትውሰጂ። ዶሉቴግራቪሩን ከማስታገሻው 2 ሰዓት አስቀድመሽ፣ ወይም ከ6 ሰዓት በኋላ ውሰጂ።