የድንጋይ ካባው ተደልድሏል፣ ችግኙ ግን እምቢ አለ

ከሰበታ ወጣ ካለ መንደር አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ የአባቴ ማሳ ላይ ለዓመታት ድንጋይ ሲወጣ ቆየ። ሥራው ሲያልቅ ዶዘር መጥቶ ደለደለው፣ ከላይ መረሬ አፈር አልብሰውት ሄዱ። ሁለት ክረምት ችግኝ ተከልን፣ ከአሥሩ አንዱ እንኳ አልያዘም። ነሐሴ ላይ ውኃ ይተኛበታል፣ ታኅሣሥ ላይ ይሰነጣጠቃል። አሁን ሰዎች ሌላ አፈር በሲኖትራክ አስደፉበት ይሉናል። ብናወጣ ያዋጣናል?»

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። የጎደለሽ አፈር አይመስለኝም። መሬቱ ተጠቅጥቋል።

መጀመሪያ ይህን አረጋግጪ። በደረቁ ወቅት ማሳው ላይ አምስት ስድስት ቦታ በድጅኖ ምቺው። ስንዝር ያህል ገብቶ ቀጥ ካለና ክንድሽን ከነዘረሽ ከታች ጠጣር ነው። ቀጥሎ ጉልበት ድረስ ጉድጓድ አስቆፍሪ፣ ማታ ውኃ ሙዪውና ጠዋት እዪው፤ ውኃው ሳይሰርግ ካደረ ከታች ተጠቅጥቋል ማለት ነው። መረሬ በራሱም ውኃ ቶሎ አያሳልፍም። ስለዚህ ጉድጓዱ ከለበሰው አፈር አልፎ ይውረድ። ከሞቱት ችግኞችም አንዱን ንቀዪ። ሥሩ ወደ ታች መውረድ አቅቶት እንደ ሰሌን ወደ ጎን ተዘርግቶ ካገኘሽው ሌላ ምስክር አያስፈልግሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋይ ሲወጣ፣ ጭነቱን ይዞ ከ30 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና እዚያው ወለል ላይ ሲመላለስ ይከርማል። በመጨረሻ ዶዘሩ ይመጣና እየደጋገመ ያለሰልሰዋል። ለዓይን ያምራል። እኔም ዶዘር በነዳሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ሥራ አስረክቤ ተመስግኜበታለሁ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

በዚህ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካ የድንጋይ ከሰል ከመሬት ገጽ ገልጠው የሚያወጡ ኩባንያዎች መሬቱን መልሰው እንዲያስተካክሉ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። መልካም ሕግ ነበር። ነገር ግን አፓላቺያ ተራሮች ላይ ዶዘሮቹ መሬቱን አጥብቀው ስለደለደሉት ሣሩ በቀለ፣ ዛፉ ግን አልሆን አለ። የደን ባለሙያዎች በኋላ የደረሱበት ምክር ቀላል ነው። ከላይ ቢያንስ 1.2 ሜትር ያህል ላላ ያለ አፈርና የደቀቀ ድንጋይ ይኑር። ዶዘር አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይለፍበት። ሻካራ ሆኖ ይቅር።

ወደ አንቺ ማሳ ልመለስ። ሥራውን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ጨርሱት። መረሬ እርጥብ ሳለ ከባድ ማሽን ከገባበት ይብስበታል። መጀመሪያ የለበሰውን አፈር ገፍታችሁ ወደ ጎን ሰብስቡት። ክምሩ ከ2 ሜትር አይብለጥ፣ ብዙም አይክረም፤ ውስጡ ያለው የአፈር ትሉም ዘሩም ታፍኖ ያልቃል። ከዚያ ከኋላው ሪፐር፣ ማለትም መሬት የሚቀድ የብረት ጥርስ፣ ያለው ዶዘር ተከራዩ። በየ1.5 ሜትሩ፣ ከ60 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ይቅደደው። ትልሙ ተዳፋቱን አግድም ይያዝ። ቁልቁል ከተቀደደ ክረምት ሲገባ ቦረቦር ይሆንባችኋል። ኦፕሬተሩ ሲጨርስ «አንዴ ላስተካክልልሽ» ማለቱ አይቀርም። እምቢ በዪው። ጓሉ እንዳለ ይቅር፣ አፈሩም በላዩ ከፍግ ጋር ሳሳ ብሎ ይመለስ።

ሪፐሩ ጥቁር አለት ላይ ካረፈ አታድክሙት። እዚያ ቦታ ከካባው የተረፈውን ገረገንቲ (ድንጋይ የተቀላቀለበት አፈር) ክምር በክምር ጎን ለጎን አስደፉና አናቱን ብቻ በዶዘር በስሱ አስነኩት። ከማሳው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ያለ እሱ ድካማችሁን ሁሉ ጎርፍ ይወስደዋል።

ለመጀመሪያው ክረምት ደሾ ሣርና ለከብት መኖ የሚሆነው ትሪሉሰርን ቁጥቋጦ በቂ ነው። ትሪሉሰርን ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። ከፍ ያለው ጀርባ ላይ ትከሉት። ወይራና ጽድ በቀጣዩ ዓመት በመካከሉ ይገባሉ። ባህር ዛፍ ቶሎ ብር እንደሚያመጣ አውቃለሁ፣ ግን ገና እያገገመ ባለ መሬት ላይ ሌላውን ያቀጭጭባችኋል።

ድንጋዩን ካወጣው ባለፈቃድ ጋር የመሬቱን ርክክብ ገና ካልፈረማችሁ አትፈርሙ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 በባለፈቃዱ ላይ አካባቢውን የመንከባከብ ግዴታ ጥሎበታል። የድጅኖውን ነገር ለወረዳው ባለሙያ ማሳው ላይ አሳዩት።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ። ካባ ከነበረ፣ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳና ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ ሳይቀር አይቀርም። አዲስ አበባ ዙሪያ በየክረምቱ ልጆች ሊዋኙ ገብተው የሚቀሩት እንዲህ ያለው ቦታ ነው። ውኃው መውጫ ካለው አፍስሱት። ከሌለው ቢያንስ አንዱን ዳር ልጅ ተራምዶ የሚወጣበት አድርጋችሁ አዘቅዝቁት፤ 1 ሜትር ለመውረድ 3 ሜትር ወደ ጎን ይሂድ። ከግድግዳው በላይ ራቅ አድርጋችሁ በእሾህ እጠሩ፣ ውስጥ ለውስጥም አጋም ትከሉበት። አጥሩ ሰኔ ሳይገባ ይቁም። ሪፐሩ ለከርሞ ቢተላለፍ ይደርሳል።