እሬቱ ተልፈስፍሷል? ውኃውን አቁሚና ሥሩን እዪ

እህቴ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ለስልሰው ተኝተዋል፣ ግርጌያቸው ቡናማ ሆኗል፣ በየሦስት ቀኑ ባጠጣውም እየባሰበት ነው፤ ውኃ ልጨምር ወይስ ማዳበሪያ ልስጠው ብለሻል። ሁለቱንም ተዪ። የገለጽሽው የሥር መበስበስ ነው፤ አሁን የምትጨምሪው ውኃ የተረፈውንም ሥር ይጨርሰዋል።

ብዙ እሬት የሚሞተው እዚህ ስህተት ላይ ነው። እሬት ውኃውን በቅጠሉ ውስጥ ስለሚያጠራቅም ሳይጠጣ ሳምንታት ይቆያል። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ግን በአፈሩ መሐል የነበረው አየር ይጠፋል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ፈንገስ ገብቶ ያበሰብሰዋል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ አይስብም። ስለዚህ ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠማል፤ ባለቤቱ ሲጠወልግ አይቶ ይጨምርለታል። ልዩነቱን በጣት ማወቅ ይቻላል። የተጠማ ቅጠል ይሳሳል፣ ይሸበሸባል፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አፈሩም ደርቆ ከማሰሮው ግድግዳ ይላቀቃል። ውኃ የበዛበት ቅጠል ግን ሲነኩት ጣት ይሰምጥበታል፣ ውኃ ያዘለ መስሎ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከግርጌውም ይሸታል።

አሁን ከማሰሮው አውጪው። በቅጠሉ አትጎትቺው፤ ማሰሮውን አጋድመሽ ጎኑን መታ መታ አድርጊና ግንዱን ይዘሽ ሳቢ። አፈሩን በሙሉ አራግፊ። ጤነኛ ሥር ነጣ ወይም ቢጫማ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰውን በሁለት ጣት ይዘሽ ሳብ ብታደርጊው ልጡ እንደ እጅጌ ተንሸራቶ ይወልቅና መሐሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። እንዲህ የሆነውን ሁሉ ቁረጪ። ቢላውን መጀመሪያ፣ ከዚያም በየቁርጡ መሐል፣ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊው። የለሰለሱትን ቅጠሎችም አንሺ። የግንዱ ቁርጥ መሐል ላይ ቡናማ ነጥብ ካየሽ መበስበሱ ወደ ላይ እየወጣ ነውና ንጹሕ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ትንሽ ትንሽ እየከፈልሽ ቁረጪ፤ እዚህ ላይ ቆጥቦ መቁረጥ አያዋጣም፣ የቀረች ትንሽ ቡናማ ነጥብ ተመልሳ ሁሉንም ታበሰብሳለች። ሥር በሙሉ ቢጠፋ እንኳ የመሐሉ ቅጠሎች ጠንካራ ከሆኑና ትንሽ ግንድ ከተረፈ አዲስ ሥር ያወጣል። አንድ ቅጠል ብቻውን ቢተከል ግን ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል፤ በዚያ አትድከሚ።

ከተቆረጠ በኋላ ወዲያው አትትከይው። ሥሩ ብቻ ከተቆረጠ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ ግንዱ ከተቆረጠ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ጥላና ነፋሻ ቦታ ላይ ይቆይ። ቁርጡ ደርቆ ቆዳ እስኪይዝ መጠበቅ ነው፤ እርጥብ ቁስል አፈር ውስጥ ከገባ እንደገና ይበሰብሳል።

አሮጌውን አፈር ጣዪው፣ ማሰሮውን በሳሙና እጠቢ። ቢቻል የሸክላ ይሁን፣ በጎኑም እርጥበት ይወጣለታል፤ ከታች ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ ግን በምንም መልኩ አይሆንም። ስፋቱ ከሥሩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይብለጥ፤ ትልቅ ማሰሮ ሥሩ የማይደርስበትን እርጥበት ለቀናት ይይዛል። ለአፈሩ አንድ እጅ የአበባ አፈር ከአንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ጋር ቀላቅዪ። ደቃቅ አሸዋ አይሁን፣ ክፍተቱን ደፍኖ ይጠጥራል። ከታች ጠጠር መደርደርም አይጠቅምም፤ ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማል።

በደረቅ አፈር ትከይው፣ የቅጠሎቹ ግርጌ ከአፈሩ በላይ ይሁን፤ ከተንገዳገደ በድንጋይ ደግፊው። ለአንድ ሳምንት ምንም ውኃ አይንካው። ከዚያ በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጪና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፊ። ቀጣዩን ውኃ በቀን ቆጠራ አትወስኚ፤ ቀጭን እንጨት እስከ ታች ድረስ ሰክተሽ ስታወጪው ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጪ። በሞቃት ወቅት ብዙውን ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይሆናል፣ በብርድ ወራት ደግሞ ወር አልፎም ሊቆይ ይችላል።

እስኪያገግም ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይምታው። በኋላ ቀስ በቀስ አለማምጂው፤ በድንገት ፀሐይ ላይ ከወጣ ቅጠሉ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፣ ወደ ጥላ ሲመለስ ይሻለዋል። ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ብርድም አይወድም። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ አይንካው።

ሥሩን ስታዪ እንደ ጥጥ ነጭ ነገር ካገኘሽ ተባይ ስለሆነ እጠቢና በአልኮል ጥረጊው። የቆረጥሻቸውን የበሰበሱ ቅጠሎች ለቆዳም ለፀጉርም አትጠቀሚባቸው። ድመት ወይም ውሻ ካለሽም ቁርጥራጩን ከአፋቸው አርቂ፤ ከልጡ ሥር ያለው መራራ ቢጫ ፈሳሽ ያማቸዋል።

የተጎዳ ቅጠል ተመልሶ አያምርም፣ በእሱ አትለኪው። የመሐሉን ትንሽ ቅጠል እዪ፤ ጠንክሮ ካደገ ሥር ይዟል ማለት ነው፣ ይህም ሳምንታት ይወስዳል። ከጎኑ የወጡ ልጆች ካሉትና ግርጌያቸው ጠንካራ ከሆነ ዛሬውኑ ለያቸውና ቁርጣቸው ሲደርቅ ለብቻቸው ትከያቸው፤ እናቲቱ ባትተርፍ እንኳ እነሱ ይቀሩልሻል።