ስለ ውሃ ላይ ስኪ ጠይቁኝ፤ ትርኢተኞቹስ ለምን ላይፍ ጃኬት የላቸውም?

ላንጋኖ ላይ ለዓመታት ስኪ የሚንሸራተቱ ሰዎችን፣ ማለትም እግራቸው ላይ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አስረው ውሃ ላይ የሚንሸራተቱትን፣ በገመድ የሚጎትት ጀልባ ነድቻለሁ። አሁን የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ውሃ የማገኘው በፈረቃ ነው። እሁድ ስታዲየም ጋ ማኪያቶ እየጠጣን አንዱ ልጅ ቪዲዮ አሳየን። ሰዎች በአንድ ጀልባ እየተጎተቱ አንዱ ያንዱ ትከሻ ላይ ወጥቶ ፒራሚድ ሠርተዋል፣ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) ያደረገ ግን አይታይም። ከዚያ ጥያቄው ዘነበብኝ። እዚሁ ልመልስ።

ጋሼ፣ እነዚህን ሰዎች ሕግ አይመለከታቸውም እንዴ?

የአሜሪካዋን ግዛት የፍሎሪዳን ልንገርህ፣ ትርኢቱ የገነነው እዚያ ስለሆነ። ስኪ የሚንሸራተት ሰው ላይፍ ጃኬት መልበስ አለበት፣ ያውም በአየር የሚነፋውን ዓይነት አይደለም። ጀልባው ላይ ከነጂው ሌላ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ወይም ሰፊ ስፖኪዮ ያስፈልጋል። ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጀምሮ፣ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት እስኪቀራት ድረስ ክልክል ነው። በሙያ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ግን ከነዚህ ከሦስቱም ነፃ ነው፤ በተፈቀደ ውድድር ላይ ያለም፣ ለዚያ የሚዘጋጅም እንደዚሁ። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ዊስኮንሲን ደግሞ የተፈቀደ ትርኢት በቂ መብራት ካለው ማታም ይሁን ይላል።

ታዲያ እኛም ትርኢት ነው ብንልስ?

ሃሃ፣ አይሆንም። ትርኢቱ የሚካሄድበት ውሃ ለሌላ ጀልባ ዝግ ይደረጋል፣ የወደቀውን የሚያነሳ ጀልባ ዳር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፣ ልጆቹም ያንኑ አወዳደቅ መቶ ጊዜ ተለማምደውታል። ጥንቃቄው ከአንዱ ሰው ደረት ወደ ብዙ ሰው ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ባዶ እግራቸውን የሚንሸራተቱትም ቢሆኑ፣ ያ ጥብቅ ልብሳቸው ውስጡ የሚያንሳፍፍ ነገር አለው። አንተ ጋ ያለው አንድ ጀልባና ስልክ የያዘ ጓደኛ ነው።

ስፖኪዮ ካለ ሰው ምን ያደርጋል?

ሕጉ አንዱ ይበቃል ቢልም እኔ ያለ ሰው አልነዳም። ስፖኪዮ የተንሸራታቹን የእጅ ምልክት አይነግርህም። አውራ ጣት ወደ ላይ ፍጠን፣ ወደ ታች ቀስ በል፣ አናቱን መታ መታ ካደረገ ወደ ዳር መልሰኝ፣ እጁን አንገቱ ላይ ካሳለፈ ሞተር አጥፋ ማለት ነው። የወደቀ ሰው ሁለት እጁን ከአናቱ በላይ ካጣመረ ደህና ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ብቅ ያለች ጭንቅላት ቶሎ አትታይም፣ ደማቅ ቀለም ያለው ጃኬት ምረጡ። ልታነሱት ስትጠጉ ደግሞ ማርሽ ዜሮ ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ ሞተሩ ይጥፋ። ፕሮፔለሩ እግሩ ጋ ነው ያለው።

ገመዱስ?

የተለመደው 23 ሜትር ነው። እጅ ላይ አይጠቀለልም! እኔ አንዴ እጄ ሲዝል መዳፌ ላይ ጠቀለልኩት፣ ወደቅኩ፣ ጀልባው ደግሞ እንደ መኪና ፍሬን የለው። የግራ ቀለበት ጣቴ አንጓው አብጦ ቀረ። ሠርጌ ዕለት ሚዜዎቼ ቀለበቱን በሳሙና ሲታገሉት እንግዳው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

መቶ ኪሎ ነኝ፣ ጀልባው ያነሳኛል?

ላንጋኖ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከፍታ ሲጨምር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ እዚያ ሲደርስ ወደ 15 በመቶው የለም። ሰፋ ያለ ስኪ ያዝ፣ ጀልባው ላይ የሚጫነውን ሰው ቀንስ። ጠዋት ሂድ፣ ከሰዓት ነፋሱ ውሃውን ያናውጠዋል።

ሁለት ቢራ ጠጥቶስ?

አይቻልም። ፍሎሪዳም ትርኢተኞቹን ከዚህኛው ነፃ አላወጣቻቸውም።

ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ጃኬቱ ልኳ መሆኑን በምን ላውቅ?

እህቴ፣ ላንጋኖ ድረስ አትጠብቂ። እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ገንዳ ይዘሻት ሂጂ፣ ዘለበቱን ሁሉ ቆልፊና ውሃ ውስጥ ሆና ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። ጆሮዋ ድረስ ከወጣ ሰፍቷታል፣ ቀይሪው።